ክር በቤት ማቅለም፦ ለሽመና የሚሆን ክር ይዘው መጫወት ለሚፈልጉ፣ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ክር የማቀልመው ግንፍሌ አካባቢ ባለ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ያቀለምኩትን ሽሮ ሜዳ ወስጄ አሸምናለሁ። በረንዳዬ ላይ የተሰጣውን ቱባ (በክብ የተጠመጠመ ክር) የሚያይ ጎረቤት፣ ሻርፔን የሚያይ የሥራ ባልደረባ፣ ሁሉም ተመሳሳይ ነገር ይጠይቁኛል። መልሱን አንድ ቦታ ላሰባስበው ብዬ ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ክር ማቅለም ላይ ቀልድ የማያውቁ ሁለት ነገሮች አሉ፤ ከመንከር በፊት ክሩን ማጽዳትና ከተነከረ በኋላ በደንብ ማጠብ። በመሃል ያለው ሁሉ ጨዋታ ነው። ብዙ ሰው ይህንን ይገለብጠዋል። መሃሉ ላይ ይጨነቃል፣ መጀመሪያና መጨረሻውን ይዘላል።

ቀለም ያለው ክር በየሱቁ ሞልቶ እኔ ለምን እደክማለሁ?

የሱቁ ክር ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው። በእጅ የተነከረው ግን በአንድ ቱባ ውስጥ ጠቆር፣ ፈካ፣ ነጣ ይላል። ሲሸመን ደግሞ ሌላ ነገር ይሆናል። ድር (በቁመት የሚወጠረው ክር) እና ማግ (በአግድም የሚገባው) ስለሚሻገሩ ዓይናችን ሁለቱን ቀለሞች ይቀላቅላቸዋል። ቀይ ድር ላይ ሰማያዊ ማግ ቢገባ፣ ቀረብ ብሎ ላየው ቀይና ሰማያዊ ነጠብጣብ ነው። ራቅ ብሎ ላየው ግን ወይን ጠጅ ነው።

የእኛ ሸማ ድሩ ነጭ ነው። ስለዚህ ማጉ ላይ ያለው ቀለም ሁሉ ሲሸመን ፈዘዝ ይላል። ቱባው ላይ «ይሄማ በዛ» ያሰኘ ብርቱካናማ፣ ጨርቁ ላይ ለስለስ ብሎ ይወጣል። ነጭ ድር ላይ የሚገባ ማግ ስታቀልሙ ደፈር በሉ፤ ከምታስቡት በላይ አጥቁሩት።

ድሩን ልንከር ወይስ ማጉን?

በማጉ ጀምሩ። ድር ተወጥሮ የሚቆም፣ በእያንዳንዱ ምት የሚፋተግ ክር ነው። አንድ ቦታ ከሳሳ ይበጠሳል። ዛሬ ብዙ ሸማኔ ለድር የፋብሪካ ክር የሚመርጠውም ለጥንካሬው ነው። ድስት ውስጥ ተንገላቶ የተወሳሰበ ድር ይዛችሁ ብትሄዱ፣ ሸማኔውን ቀኑን ሙሉ ክር ስታስፈቱት ትውላላችሁ።

ማግ ግን ብዙ ይችላል። በተለይ በእንዝርት የተፈተለው። ውፍረቱ ወጣ ገባ ስለሆነ ቀለሙንም ወጣ ገባ አድርጎ ነው የሚጠጣው። እናታችሁ ወይም አያታችሁ የፈተሉት ልቃቂት ቁም ሳጥን ውስጥ ካለ፣ ከእሱ የተሻለ መነሻ አታገኙም። ግን ትንሽ ቆርሳችሁ ሞክሩ። ሙሉውን በመጀመሪያው ቀን ድስት ውስጥ አትክተቱት።

ክሩ ጥጥ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ጣት የምታክል ቁራጭ በመታጠቢያ ሳህን ላይ ይዛችሁ በክብሪት ለኩሷት። ጥጥ ከሆነ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፤ አመዱም ሲነኩት ይበናል። አክሪሊክና ፖሊስተር ይቀልጣሉ፣ ጫፋቸው ላይ ጠንካራ ጥቁር ጠብታ ይቀራል። ሐርና ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታሉ። ሬዮን እንደ ጥጥ ይነዳል፤ ችግር የለውም፣ የጥጥ ቀለም ይይዛል።

የቀለጠውን ክር ተዉት። ለጥጥ የተሠራ ቀለም አይገባበትም። ለጥለት ከሚሸጡት አብረቅራቂ ክሮች ውስጥ እንዲህ ዓይነት ስለሚያጋጥም፣ ጥለቱን ራሳችሁ ለማቅለም ካሰባችሁ የጥጥ ክር ፈልጉ።

ክሩ ነጭና ንጹሕ ነው። ለምን ይቀቀላል?

ነጭ መሆኑ ንጹሕ አያደርገውም። ጥጥ ሲፈጠር ጀምሮ ሰም መሰል ነገር ተለብጦበታል። የፈታይዋ እጅ ቅባት ይጨመርበታል። ለድር የተዘጋጀ ክር ከሆነ ደግሞ ስታርች ተቀብቶበት ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሁሉ ቀለሙን ይመልሱታል። ውጤቱ ላይ ላዩን ብቻ የያዘ፣ ሲታጠብ የሚለቅ ክር ነው።

ለ100 ግራም ክር ሦስት ወይም አራት ሊትር ውኃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ሶዳ አሽ (ሶዲየም ካርቦኔት) እና ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። ክሩን በቱባ መልክ፣ አራት ቦታ ላይ ላላ አድርጋችሁ እሰሩት። ማሰሪያው ከጠበቀ በሥሩ ቀለም አይገባም፤ ካላሰራችሁት ደግሞ ተወሳስቦ ያስለቅሳችኋል። ከዚያ ቀቅሉት።

ለስንት ሰዓት? እዚህ ላይ አዲስ አበቤ መሆናችን ለውጥ ያመጣል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ ነው። በውጭ አገር መመሪያዎች አንድ ሰዓት የተባለውን እኔ አንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት አደርገዋለሁ። በተለይ የእጅ ፈትል ከሆነ ውኃው ሻይ መስሎ ይወጣል። ያኔ ምን ያህል ነገር ክሩ ውስጥ እንደነበር ይገባችኋል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። የደረቀ ቁራጭ ክር ውኃ ላይ ጣሉ። ከተንሳፈፈ ገና ነው። ወዲያው ከሰመጠ ለቀለም ዝግጁ ነው።

የትኛውን ቀለም ልግዛ?

ጥጥ ላይ እውነት ሆኖ የሚቀረው ሪአክቲቭ የሚባለው ቀለም ነው። ከጥጡ ጋር በኬሚካል ስለሚጣበቅ የክሩ አካል ይሆናል። ለንግድ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1956 ሲሆን፣ ያወጣው አይሲአይ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ነው። እንግሊዛዊው ዊልያም ፐርኪን ሞቭ የተባለውን ሰው ሠራሽ ቀለም ካገኘ ልክ ከ100 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ለቤት ሥራ የሚመቸው በቀዝቃዛ ውኃ የሚሠራው ዓይነት ነው። ቀለሙ ጥጡ ላይ የሚጣበቀው ሶዳ አሽ ሲኖር ነው፤ እሳት አይፈልግም። መብራት ቢጠፋም ሥራችሁ አይቆምም።

ሌላው ዳይሬክት የሚባለው ነው። በሙቅ ውኃና በጨው ይሠራል፣ ለመጠቀምም ቀላል ነው። ግን በየእጥበቱ ጥቂት ጥቂት ይለቃል። ለስፌት አክርማ የሚነከርበትን ቀለም ደግሞ ለጥጥ ተብሎ የተሠራ ካልሆነ አትሞክሩት። ሳፋው ውስጥ ደምቆ ያታልላችኋል፤ የመጀመሪያው እጥበት ላይ ግን ሄደ ማለት ነው።

መርካቶ ስትገዙ «ለጥጥ፣ በቀዝቃዛ ውኃ፣ በሶዳ የሚያዝ» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። ሻጩ «ለሁሉም ይሆናል» ካላችሁ ጥቂት ብቻ ግዙና ሞክሩት። ብዙ ዓይነት መሸከም አያስፈልግም። ቢጫ፣ ወደ ሮዝ የሚያደላ ቀይና ሰማያዊ ካላችሁ የቀረውን ራሳችሁ ትቀላቅላላችሁ።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። የዱቄት ቀለም ስትመዝኑ ማስክ አድርጉ፣ መስኮት ዝጉ፣ ማራገቢያ አጥፉ። ዱቄቱ ሳንባ ውስጥ ሲገባ ሰውነት ሊቆጣው ይችላል፤ አንዴ ከተቆጣ ደግሞ ከዚያ በኋላ ጥቂቱም ይበቃዋል። ውኃ ውስጥ ከሟሟ በኋላ ጓንት ይበቃል።

ልኬቱ ያስፈራኛል። በዓይን ግምት አይሆንም?

ይሆናል፤ ግን የወደዳችሁትን ቀለም ሁለተኛ አታገኙትም። የኩሽና ዲጂታል ሚዛን ካላችሁ ነገሩ ቀላል ነው። 10 ግራም ቀለም በአንድ ሊትር ውኃ አሟሙ። ይህ አንድ በመቶ ነው። መካከለኛ ድምቀት ለማግኘት የክሩን ክብደት ሁለት በመቶ የሚሆን ቀለም ያስፈልጋል። ለ100 ግራም ክር ከብጥብጡ 200 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ሃምሳው ገርጣ ያለ ይሰጣችኋል፤ አራት መቶው ጥቅጥቅ ያለ።

ለትንንሽ ሙከራ ከፋርማሲ የሚገዛ ስሪንጅ ተጠቀሙ። አሥር ግራም የምትሆን ትንሽ ቱባ ላይ 15 ሚሊ ሊትር ቢጫና 5 ሚሊ ሊትር ሰማያዊ፤ የሚቀጥለው ላይ 10 በ10። ደብተር ላይ ጻፉና ከክሩ ቁራጭ ጋር በስቴፕለር አያይዙት። ይህ ደብተር ሲሞላ ከማንኛውም መመሪያ ይበልጥባችኋል።

እርጥብ ክር ሁልጊዜ ጠቆር ብሎ ነው የሚታየው። ሳይደርቅ አትፍረዱ።

ሶዳ አሽ፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ ኮስቲክ ሶዳ፦ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ሰፊ ልዩነት አላቸው። የሚያስፈልገው ሶዳ አሽ ነው። ክሩን በአንድ ሊትር ውኃ 30 ግራም ገደማ በሟሟበት ዘፍዝፉት። ቤኪንግ ሶዳ ለዚህ ሥራ ደካማ ነው፤ ሌላ ካጣችሁ ግን 200 ዲግሪ በሞቀ ኦቨን ውስጥ አንድ ሰዓት ብታቆዩት ወደ ሶዳ አሽ ይለወጣል። ኮስቲክ ሶዳ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። ቤት አታስገቡት።

እሺ፣ ጨዋታው የታለ?

መጣን። ክሩ ከተቀቀለና ሶዳ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ከቆየ በኋላ ጭመቁትና ከሚከተሉት በአንዱ ጀምሩ።

እኔ አብልጬ የምወደው የልቃቂት ንክር ነው። ለዚህኛው ክሩ ቀድሞ ሶዳ ውስጥ አይገባም፤ የጸዳውን ክር ጠበቅ አድርጋችሁ ልቃቂት አድርጉት። ቀለሙንና ሶዳውን አንድ ላይ በጥብጣችሁ ልቃቂቱን ለአጭር ጊዜ ብቻ ንከሩት። ውጪው ይጠቁራል፣ ወደ ውስጥ ሲገባ ይሳሳል፣ እንብርቱ ነጭ ይቀራል። ሲሸመን ጨርቁ ከጥቁር ሰማያዊ ጀምሮ እየፈካ እየፈካ ነጭ ላይ ይደርሳል። ሸማኔው ክር ሳይቀይር! አጠቃለላችሁን አጥብቁት ወይም አላሉት፣ ቀለም ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ አሳጥሩት ወይም አስረዝሙት፤ በእያንዳንዱ ለውጥ ሌላ ጨርቅ ታገኛላችሁ። ሲታጠብ ግን ልቃቂቱ የግድ ተፈትቶ ቱባ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ውስጡ ያለው ትርፍ ቀለም አይወጣም።

ሌላው የሃይላንድ ጨዋታ ነው። የባዶ ሃይላንዶች ክዳን በመርፌ ብሱና በእያንዳንዱ የተለያየ ቀለም ሙሉ። ቱባውን ፌስታል ላይ ዘርግታችሁ ቀለሙን እየረጫችሁ በጓንት ጫን ጫን አድርጉት። ጎረቤታሞች የሚሆኑትን ቀለሞች ምረጡ። ቢጫና ወይን ጠጅ ከተነካኩ ድንበሩ ላይ ቡኒ ይሆናል፤ ቢጫና ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማና ሮዝ ግን ተዋደው ይኖራሉ። ከዚያ በፌስታል ጠቅልሉና አሳድሩት።

ማሰርም አለ። ከፌስታል ቀጭን ጥብጣብ ቁረጡና ቱባውን እዚህም እዚያም ጠምጥማችሁ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩት። የታሰረው ነጭ ይቀራል። ሲሸመን አጫጭር ነጭ ሰረዞች ጨርቁ ላይ ይበተናሉ። በኢንዶኔዥያ ይህንኑ ሐሳብ እጅግ አርቅቀው ክሩ ሳይሸመን ሥዕሉን ያስሩበታል፤ ኢካት ይባላል። እኛ ለጊዜው ሰረዝ ይበቃናል።

ክረምት ላይ ደግሞ በረዶ ሲዘንብ ሳፋችሁን በረንዳ ላይ አውጡ። ሶዳ የነካውን ክር ወንፊት ላይ፣ ወንፊቱን ባዶ ሳፋ ላይ አድርጉ። በረዶውን ከላይ ከምሩና የዱቄት ቀለም ነስንሱበት፤ ማስኩ እዚህ ላይ ግዴታ ነው። በረዶው ቀስ እያለ ሲቀልጥ ቀለሙም ቀስ እያለ ይወርዳል። ከብዙ ቀለም የተቀላቀሉት ቡኒ፣ ጥቁርና ወይን ጠጅ ይበታተናሉ፤ ከጥቁር ውስጥ ሰማያዊና ቀይ ሲወጣ ታያላችሁ። ከዘነበው በረዶ ሌላ ከፍሪጅ የወጣውም ይሠራል። ቅዝቃዜው ሥራውን ስለሚያዘገይ ሙሉ ቀን ተዉት።

ስለ ሙቀት ካነሳን፣ ይህ ቀለም ከ21 ዲግሪ በላይ ይወዳል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የአዲስ አበባ ሌሊት ከዚያ በጣም ይወርዳል። ጥቅሉን ቀን ፀሐይ የሚመታው መስኮት ሥር አድርጉት፤ ማታ በአሮጌ ጋቢ ጠቅልሉት።

ባለ ብዙ ቀለሙን ክር አሸምኜ ቀለሞቹ አንድ አንድ ቦታ ላይ ተከመሩ። ለምን?

የቱባው ዙሪያና የጨርቁ ስፋት ስለገጠሙ ነው። ቱባችሁ ዙሪያው 150 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል፤ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ቢጫ። ጨርቁ ደግሞ 75 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። ማጉን የሚያሻግረው መወርወሪያ ሲሄድ ቀዩን፣ ሲመለስ ቢጫውን ይዘረጋል። ደርሶ መልሱ 150 ስለሆነ በየዙሩ ቀለሙ እዚያው ቦታ ላይ ያርፋል።

አንዳንዱ ሰው ይህንን ፈልጎ ያደርገዋል። ካልፈለጋችሁት ቱባውን 130 ወይም 170 አድርጋችሁ ጠምጥሙ፤ ቀለሙ በየዙሩ እየተንሸራተተ ሰያፍ ይሆናል። ክሩ ጨርቁ ውስጥ እየታጠፈ ስለሚያልፍ ከሚታየው ስፋት ትንሽ በለጥ ያለ ክር ይበላል። ስለዚህ ስሌቱ ጥቂት ይዛነፋል፤ መዛነፉም ደስ ይላል። ሁለት ቱባ በሁለት መወርወሪያ ማፈራረቅ ሌላው መላ ነው።

ከኩሽና የሚገኝ ነገር ቀለም አይሆንም?

ይሆናል። በአገራችን የዚህ ዕውቀት አዲስ አይደለም፤ እንሶስላ እጅና እግር ስንቱን ዘመን አቅልሟል። ጥጥ ግን ከሱፍና ከሐር ይልቅ እምቢተኛ ነው፤ እገዛ ይፈልጋል። እገዛው ታኒን (ሻይን የሚያኮማትረው ነገር) እና አሉም (ቀለሙን ከክሩ ጋር የሚያያይዝ ጨው) ነው። መጀመሪያ ክሩን ጠንካራ የሻይ ቅጠል ውኃ ውስጥ አሳድሩት። ቀጥሎ ለ100 ግራም ክር ከ15 እስከ 20 ግራም አሉም በሙቅ ውኃ አሟሙና እሱ ውስጥ አሳድሩት። ከዚያ ወደ ቀለሙ።

የአቮካዶ ፍሬ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። መሃል ከተማ ላለን ሰዎች እንደ ልብ ይገኛል። ጁስ ቤት ገብታችሁ «ፍሬውን አትጣሉት፣ ማታ እወስዳለሁ» ብላችሁ ፌስታል ስጧቸው። ፍሬው ራሱ ታኒን ስላለው አሉም ሳይገባም ይይዛል። ታጥቦ ተቆራርጦ በዝግታ አንድ ሰዓት ያህል ይቀቀልና ያድራል። ደብዘዝ ያለ ሮዝ ይሰጣል። ትንሽ ሶዳ ጣል ብታደርጉበት ቀላ ይላል።

የሽንኩርት ልጣጭም አለ፤ ዶሮ ወጥ የሚሠራበት ሳምንት ላይ በየቤቱ ሞልቷል። ከክሩ ክብደት ጋር እኩል ደረቅ ልጣጭ ውሰዱ። ከቢጫ እስከ ቡኒ ይሄዳል። የቡና አተላ ቡኒማ ክሬም ይሰጣል፤ የሮማን ልጣጭ ቢጫ።

እርድ በጣም ደማቅ ነው፣ ያለ አሉም ይይዛል፣ ሁሉም ሰው ይወደዋል። ፀሐይ ግን በጣም ቶሎ ትበላዋለች። ሳሙና ወይም አመድ ሲነካው ደግሞ ወደ ቀይ ይለወጣል። ለልጆች ማሳያ ግሩም ነው፤ ለምታሸምኑት ነገር ግን አልመክረውም።

ከነዚህ በአንዱ የተነከረውን ክር በብረት ማጥቆር ይቻላል። የዛጉ ምስማሮች አቼቶ ውስጥ ሁለት ሳምንት ይቆዩ። ከዚያ ፈሳሽ ጥቂት ማንኪያ ውኃ ውስጥ ጨምሩና ክሩን ለደቂቃዎች ንከሩት። ሮዙ አመድማ፣ ቢጫው ወይራማ ይሆናል። እጅ አታብዙ፤ ብረት ሲበዛ ጥጡን ይበላዋል።

ቀይ ሥርስ?

አይይዝም። በሰላጣ ብሉት።

ቀለሙ እንዳይለቅ ጨው ወይም አቼቶ ይደረግበታል ይባላል። እውነት ነው?

ለጥጥ እውነት አይደለም። ጨው የሚጠቅመው ገና በሚነከርበት ጊዜ ነው፤ ቀለሙን ከውኃው ወደ ክሩ ይገፋዋል። የለቀቀን ቀለም መልሶ አያስይዝም። አቼቶ ለሱፍና ለሐር ነው። ሪአክቲቭ ቀለም ላይ ከቸኮላችሁበት ደግሞ የሶዳውን ሥራ ያበላሻል።

ቀለም የሚለቀው ከክሩ ጋር ያልተጣበቀ ትርፍ ስለተረፈበት ነው። መድኃኒቱ ማጠብ ብቻ ነው። ይህን የምለው በነጭ ነጠላ ምክንያት ነው። ቀዩ ጥለት በመጀመሪያው እጥበት ነጩ ላይ ፈስሶ ስንት ነጠላ ተበላሽቷል! ሸማኔው ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ክሩን ከነጭ የጥጥ ጨርቅ ጋር ጠቅልላችሁ ሙቅ ውኃ ውስጥ አሳድሩ። ጠዋት ጨርቁ ነጭ ከሆነ ሂዱ። ከቀላ እንደገና እጠቡ።

ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ይህን ሁሉ እንዴት አጥባለሁ?

ቧንቧ ከፍቶ ማለቅለቅ ተዉ። በመዘፍዘፍ ሥሩ፤ ጊዜ የውኃን ሥራ ይሠራላችኋል። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ አንድ ሁለቴ ለቅለቅ አድርጋችሁ ሶዳውንና ጨውን አውጡ። ከዚያ የፈላ ውኃ ባልዲ ውስጥ አድርጋችሁ ክሩን ዝፈቁና ከድናችሁ ተዉት። ትርፉን ቀለም የሚያወጣው ሙቀት ነው። ሲበርድ ጭመቁና ድገሙ። ለ100 ግራም ክር አንድ ጀሪካን ውኃ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ለጥቁርና ለጥልቅ ቀይ ግን ሁለት አስቡ።

የወጥ ድስቴን ልጠቀም?

አይሆንም። ቀለም የነካው ዕቃ ወደ ምግብ አይመለስም፤ የኩሽና ነገር ብቻ ብትነክሩ እንኳ አሉምና ብረት አለበት። አሮጌ የማይዝግ ብረት ድስት ወይም ያልተላጠ ኢናሜል ፈልጉና ለዚህ ብቻ ለዩት። አልሙኒየም ሶዳ አሽ ይበላዋል። ለቀዝቃዛው ሥራ ፕላስቲክ ሳፋ በቂ ነው።

ከልጆች ጋር መሥራት ይቻላል?

በሱፍ። የመንዝ በግ ሱፍ፣ ያው ባናና በርኖስ የሚሠራበት፣ ሲፈተል ሻካራ ነው እንጂ ቀለም በደስታ ይቀበላል። ነጩን ምረጡ። ኬክ ላይ የሚገባውን የምግብ ቀለም በውኃ በጥብጡ፣ አቼቶ ጨምሩ። ልጆቹ ይርጩ፣ ይቀቡ። ከዚያ እናንተ በእንፋሎት ግማሽ ሰዓት አብስሉት። ሱፍ ድንገት ከሙቅ ወደ ቀዝቃዛ ከገባ ይጨማደዳል፤ ራሱ ድስት ውስጥ ይብረድ። ይኸው የምግብ ቀለም ጥጥ ላይ አይሠራም።

ምን ዓይነት ቀለሞች ላቀናጅ? ሐሳብ አጣሁ።

ከመንገድ ውሰዱ። ግንቦት አካባቢ የጃካራንዳው ወይን ጠጅ አስፋልቱ ላይ ወድቆ ይታያል፤ ያ ግራጫና ያ ወይን ጠጅ አንድ ላይ ሻርፕ ናቸው። የሚኒባሱ ሰማያዊና ነጭ ለነጭ ድር የተፈጠረ ነው። ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ገብታችሁ የሰፌዶቹንና የልብሶቹን ቀለም ተመልከቱ፤ ማን ከማን አጠገብ እንደተቀመጠ። ከዚያ ወረቀት ላይ ክሮቹን ጠምጥማችሁ ከሩቅ እዩት።

የወጣውን ቀለም አልወደድኩትም።

ደግማችሁ ንከሩት። ቀለም በቀለም ላይ ይደረባል፤ የማይጥም ሮዝ ላይ ስስ ሰማያዊ ሲገባ የሚያምር ወይን ጠጅ ሊወጣ ይችላል። ወደ ኋላ ለመመለስ በረኪና የሚጠቀሙ አሉ። ክሩን ያሳሳዋል፤ እኔ ድር ላይ በፍጹም፣ ማግ ላይም በጣም አቅጥኜ ካልሆነ አልነካውም። በረኪናና አቼቶ ደግሞ ፈጽሞ አይገናኙ። መርዛማ ጋዝ ይወጣል።

ለአንድ ሻርፕ ስንት ክር ይበቃል?

የምትወዱትን ተመሳሳይ ሻርፕ መዝኑት። በዚያ ላይ 20 በመቶ ጨምሩ፤ ለዘርፉና የሸማኔው ዕቃ ላይ ለሚቀረው። ግማሽ ያህሉ ድር ነው፤ ግማሹ የእናንተ ማግ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ንከሩት። በኋላ ቢያልቅ ያንኑ ቀለም መልሶ ማግኘት ከባድ ነው።

ሸማኔው ጋ ምን ይዤ ልሂድ?

ታጥቦ የደረቀ፣ ያልተወሳሰበ ክር። ጠዋት ሂዱ፤ ከአራት ኪሎ የሽሮ ሜዳ ታክሲ በስድስት ኪሎ አልፎ ያደርሳችኋል። ሸማኔው ባለሙያ ነው፣ ወጣ ገባ ቀለም ሲያይ የተበላሸ ይመስለዋል፤ ጥሩ ጥሩውን መርጦ ሊሸምንላችሁም ይችላል። ስለዚህ ቀድማችሁ ንገሩት። «ጋሼ፣ ይሄ በእጄ የነከርኩት ነው። ቀለሙ የተለያየው አውቄ ነው። እንደመጣ ያስገቡልኝ።» ልቃቂት ንክር ከሆነ ከየትኛው ጫፍ እንደሚጀመር በክር ምልክት አድርጉ።

ዋጋ ስትነጋገሩ ሥራው ከተለመደው በላይ ጊዜ እንደሚወስድበት አስቡ። ማቅለሙ የእናንተ ነው፤ ጨርቁ ግን በእሱ እጅ ነው ጨርቅ የሚሆነው። እኔ ሁልጊዜ ትንሽ ትርፍ ክር ይዤ ሄጄ መጀመሪያ አንድ ስንዝር አሸምናለሁ። ሁለታችንም እናየዋለን። እሱ «ይሄኛው ከዚያ ጋር ቢፈራረቅስ» ይላል። ብዙ ጊዜ ልክ ነው።

የተረፈውን የቀለም ውኃ የት ልድፋው?

ወደ ፍሳሽ መስመር፣ ከብዙ ውኃ ጋር። ወንዝ ውስጥ አይደለም። ቀበናም ሆነ ባንትይቀጡ ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ነው የሚሄዱት፤ ከታች የሚጠቀምበት ሰው አለ። በመጀመሪያ ደግሞ ብዙ እንዳይተርፍ በልኩ በጥብጡ። ሶዳ ያልገባበት ብጥብጥ ቀዝቃዛ ቦታ ላይ አንድ ሳምንት ይቆያል። ሶዳ የገባበት ግን በሰዓታት ውስጥ ኃይሉን ያጣል።

የተሸመነውን እንዴት ልጠብ?

ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጊዜያት ለብቻው፣ ለብ ባለ ውኃና በፈሳሽ ሳሙና። በረኪና አይነካውም። ጥላ ውስጥ አስጡት፤ የኩሽና ቀለም ከሆነ ይህ ግዴታ ነው። ስታስቀምጡትም መስኮት አጠገብ አትስቀሉት፤ አጥፋችሁ ቁም ሳጥን ውስጥ አድርጉት።